ጉበቱ ለታመመ ሰው ዳይክሎፌናክ አይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊቴ ተነሣብኝ» ይልና ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል፤ ካልተሻለው መርፌውን ይወጋል። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ካልሆነ በቀር የኩላሊት በሽታ ወገብ የሚያሳምመው ጥቂት ጊዜ ነው። ኩላሊት አብዛኛውን አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋን ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ሲወስዱት ነው።

ሁለቱ አካላት የሚሠሩት ተቀባብለው ነው። ከምንበላው ሽሮም ሆነ ዓሣ የሚገኘው ፕሮቲን ሲብላላ አሞኒያ ይተርፋል፤ አሞኒያ ደግሞ አንጎልን ይመርዛል። ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል (ገበሬው ማሳው ላይ ከሚበትነው ማዳበሪያ ጋር ንጥረ ነገሩ አንድ ነው)፤ ዩሪያውን በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ጉበት ሲደክም በሽተኛው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል።

የውሃና የጨው ሚዛንም እንዲሁ የሁለቱ ነው። ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም አጣርተው ከ1 እስከ 2 ሊትሩን በሽንት ያስወጣሉ፤ ቀሪውን ወደ ደም ይመልሳሉ። ለዚህ በቂ ደም በበቂ ግፊት ሊደርሳቸው ይገባል። ፈሳሹ ከደም ስር እንዳያመልጥ የሚይዘውን አልቡሚን የሚሠራው ደግሞ ጉበት ነው።

በዘጌና በሌሎችም የጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ የተባለው በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በሚታጠብ፣ ልብስ በሚያጥብ ወይም ዓሣ በሚያጠምድ ሰው ቆዳ ይገባል። ትሏ ከምትጥላቸው እንቁላሎች ከፊሎቹ በሰገራ ይወጣሉ፤ ከፊሎቹ በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ይቀራሉ፣ በዓመታት ጠባሳ ይሆናሉ። ጠባሳው ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያግዳል። ጣፊያ ያብጣል፣ የምግብ ቧንቧ ደም ስሮች ይወጠራሉ፣ እየቆየም ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ሄፓታይተስ ቢ እና አልኮልም፣ የጉበቱን ሕዋሳት እየገደሉ፣ ወደዚሁ ያደርሳሉ። ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ትሉን ይገድላል፤ የቆየውን ጠባሳ ግን አያጠፋም።

ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው በሆድ ዕቃ አካባቢ ያሉት ደም ስሮች ስለሚሰፉ ደሙ እዚያ ይከማቻል፤ ለኩላሊት የሚደርሰው ያንሳል። ኩላሊትም ሰውነት ፈሳሽ እንደጎደለው ቆጥሮ ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ሆዱ ይብሱን ያብጣል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ስር ከፍቶ የሚያቆየው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የሚያስቆሙት ይህንኑ ነው። ደም ስሩ ይጠብባል፣ ሽንቱ ያንሳል፣ በቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ጨጓራ ስለሚያቆስሉም ደም የማስታወክ አደጋ አለ። ለግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን አብሮ የሚወስድ ሰውም፣ በተለይ ተቅማጥ ይዞት ወይም በሚያዝያ ሙቀት ፈሳሽ ጎድሎት ሳለ፣ ከእነዚህ ማስታገሻዎች ሊርቅ ይገባል።

ለሕመሙ የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው። ጉበት ይመርዛል ተብሎ ይፈራል፤ እውነት ነው፣ የሚመርዘው ግን መጠኑ ሲያልፍ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ከ4 ፍሬ ባያልፍ ይመከራል። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠር። አረቄ እየጠጡ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም።

ለሥራ ባልደረቦቻችንም አንድ ነገር እናንሣ። የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በደም ምርመራ የሚለካው ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። የጉበት በሽተኛ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። በዴሲሊትር 0.6 ሚሊግራም የነበረው በ48 ሰዓት ውስጥ 0.9 ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጤናማ መጠን ባያልፍም፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው። ይህን ለመለየት የቀድሞው ውጤት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ታካሚዎች የድሮውን የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይጥሉ ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የጤና ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር