«አትጣሉ» ከማለት በፊት ዕቃው ይፈታ እንደሆነ ይጠየቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ስለ ፍጆታ ባህል በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ክስ ደጋግሞ ይሰማል፦ ሰው ዕቃ ማክበር ትቷል፤ ጥቂት ሲበላሽበት ይጥላል፤ አዲስ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን የዕቃን ሆድ ከፍቶ ለሚያይ ሰው፣ ጥፋቱ በሙሉ በገዢው ጫንቃ ላይ ሲጫን ዝም ማለት ይከብዳል። አንድ ዕቃ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በአብዛኛው የሚቆረጠው ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ንድፉ ሲወጣ ነው። ክዳኑ በብሎን ይታሰራል ወይስ በማጣበቂያ? ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ለብቻው ይሸጣል ወይስ ከነጓዙ? ከዚያ በኋላ ለገዢው የሚተርፈው ምርጫ ጠባብ ነው።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥሩ ማሳያ ነው። ከበሮው የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ሲሆን፣ ኩሽኔታውን ከውኃ የሚከልለው አንድ የጎማ ማኅተም ነው። ጎማው በሙቀትና በሳሙና ብዛት ሲደክም ውኃ ያሾልካል፤ ውኃው ግራሶውን ያጥባል፤ ብረቱ ይዝጋል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ማሽኑ ሲጨምቅ እየባሰ የሚሄድ ጉርምርምታ፣ ከበሮውን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁትም መላወስ። ሁለት ኩሽኔታና አንድ ማኅተም ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ናቸው። ከበሮውን የያዘው የፕላስቲክ ገንዳ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን ከታሰረ፣ ይፈታል፣ አሮጌው ኩሽኔታ ተመትቶ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ይዘጋል። በብዙ አዳዲስ ማሽኖች ግን ሁለቱ ግማሾች በሙቀት ተበይደው አንድ ሆነዋል። ያኔ ለኩሽኔታ ሲባል ገንዳው ከነከበሮው መገዛት አለበት፤ ወጪው ወደ አዲስ ማሽን ዋጋ ይጠጋል። ያንን ማሽን የጣለ ሰው ስግብግብ አይደለም። ሒሳቡን አስልቶ ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ይብሳል። የሊቲየም ባትሪ እንደ መኪና ጎማ አላቂ ነው። እንደ ጥራቱ ከ500 እስከ 1000 ሙሉ ዙር ያህል ከሠራ በኋላ የመያዝ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ሙሉ ዙር የሚባለው በድምሩ 100 በመቶ ሲጠቀሙበት ነው፤ ዛሬ 50፣ ነገ 50 በመቶ ከተጠቀሙ አንድ ዙር ሆነ። እርጅናውን የሚያፋጥኑት ሙቀትና ለረጅም ሰዓት ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየት ናቸው። ስለዚህ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ማመላለስ፣ ቻርጅ ሲደረግ ከትራስ ሥርና ከፀሐይ ማራቅ፣ ለወራት የማይነካን ስልክ ግማሽ ያህል ሞልቶ አጥፍቶ ማስቀመጥ ዕድሜ ይጨምራል። ቢሆንም የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ከማዘርቦርዱ ቀድሞ ያረጃል። አምራቹም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ ቀድሞ የሚያልቀው ክፍል ለምን በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ከመስታወት ሥር ተቀብሮ ይሸጣል?

እንዲህ ያለውን ስልክ ለመክፈት በመጀመሪያ ባትሪውን ከ25 በመቶ በታች ማውረድ ያስፈልጋል፤ በስህተት ቢወጋ አደጋው እንዲቀንስ ነው። ከዚያ ማጣበቂያው እስኪለሰልስ የጀርባው መስታወት ይሞቃል፤ ጠርዙ በስስ ፕላስቲክ ቀስ እየተባለ ይከፈታል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው መስታወቱን ይሰነጥቃል፣ አለዚያም ከሥሩ ያለውን ስስ ሪባን ኬብል ይቆርጣል። ከባትሪው ሥር ያለው የሚሳብ ማጣበቂያ መሐል ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ባትሪውን በብረት ካቻቪቴ ፈንቅሎ ለማንሳት የሚደረገው ትግል ነው እሳት የሚያስነሳው፤ የታጠፈ ወይም የተበሳ ባትሪ ውስጥ ለውስጥ ይገናኝና ይቀጣጠላል። ይህ ሁሉ ታልፎ አዲስ ባትሪ ቢገባም፣ በአንዳንድ ስልኮች ክፍሎቹ ከማዘርቦርዱ ጋር በመለያ ቁጥር ስለተጣመሩ፣ ባትሪው ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ ክፍሉ እንዳልታወቀ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ይህን ደግሞ የባትሪው ኬሚስትሪ አላመጣውም፤ ሰው ተቀምጦ የወሰነው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ምክንያቱ በቴክኒክ ዓይን ያስኬዳል፦ ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ መቋቋሙ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግድበት መጠን ስለሚጨምር፣ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል፤ ፍጥነቱን መቀነስ ያንን ይከላከላል። ጥፋቱ አለመናገሩ ላይ ነው። ባለቤቱ ስልኩ ራሱ ያረጀ መስሎት አዲስ ሲገዛ፣ ባትሪ ብቻ ቢቀየር የቀድሞ ፍጥነቱ ይመለስ ነበር። የፈረንሳይ ባለሥልጣናት በ2020 ኩባንያውን 25 ሚሊዮን ዩሮ የቀጡትም ለደንበኞቹ ባለማሳወቁ ነው።

ስለ አምፖልም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም በዚህ ክርክር ውስጥ ሁሌም ይነሳል። ኦስራምና ፊሊፕስን የመሳሰሉ አምራቾች በ1924 ጄኔቭ ላይ ፌቡስ የተባለውን ማኅበር መሥርተው የአምፖልን ዕድሜ በ1000 ሰዓት ወሰኑ፤ አምፖሉ ከዚያ በላይ የቆየበት አባል መቀጫ ይከፍል ነበር። ለእውነት ሲባል ግን፣ ክሩ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የተሠራ አምፖል በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን የሚሰጠው ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ 1000 ሰዓት የሚለው ቁጥር እንዲያው ከክፋት ብቻ አልመጣም። መቀጫው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ባለው የኤልኢዲ አምፖል ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ክፍል ሳይሆን እግሩ ውስጥ ያለው የኃይል ማስተካከያ፣ በተለይም ኤሌክትሪክ አከማችቶ የሚለቀው ካፓሲተሩ ነው። የሙቀቱ በ10 ዲግሪ መቀነስ የካፓሲተርን ዕድሜ በግምት እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ኤልኢዲን አየር በማያስገባ ጠባብ መሸፈኛ ውስጥ የሚሰቅል ሰው ዕድሜውን ራሱ እየቆረጠ ነው። ቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ «ሞተ» ተብሎ የሚጣለውም ስንት ጊዜ በዚሁ ክፍል ምክንያት ነው። አናቱ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካንጠባጠበ ጥፋተኛው ተገኘ። የሚተካው በማይክሮፋራድ (በማከማቻ አቅሙ መለኪያ) እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የበለጠ፣ ከ85 ይልቅ ለ105 ዲግሪ የተሠራ መሆን አለበት፤ አዎንታዊና አሉታዊ እግሩ ከተቀያየረ ይፈነዳል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ዕቃው ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ገዳይ ኃይል ይዘው ይቆያሉና ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በቪዲዮ አይቶ አይሞከርም።

«ገበያው ይወስን፤ የማይጠገን ዕቃ የማይፈልግ አይግዛ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ማጣበቂያ ከውጭ ቢታይ ኖሮ እስማማ ነበር። የመሸጫ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ስክሪኑና ቀለሙ ነው። ፈረንሳይ በ2021 ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋጋው አጠገብ ከ10 የሚሰላ የመጠገን ነጥብ እንዲለጠፍበት ያስገደደችው ለዚህ ነው፤ ነጥቡ ሲሰላ ለመፍታት ያለው ቅለት ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫው ዋጋም ይገባበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስክሪኑ የስልኩን ግማሽ ዋጋ ከተጠየቀበት ብሎኑ ቢበዛለትም ማንም አያስጠግነውም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2025 ወዲህ ለገበያ በሚቀርቡ ስማርት ስልኮች ላይ አምራቹ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ከየካቲት 2027 ጀምሮም፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣውና የሚተካው ባትሪ ግዴታ ይሆናል። አምራቾች ውኃ የማያስገባ ስልክ ሊሠራ የሚችለው በማጣበቂያ ነው ይላሉ። በብሎንና በጎማ ማኅተምም ይቻላል፤ ስልኩ ግን ትንሽ ይወፍራል። እኔ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ምርጫው ይቅረብልን።

እስከዚያው ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ባትሪው ያለ ሙቀት ይወጣል? ስክሪኑና ባትሪው ለብቻቸው በስንት ይሸጣሉ? ብሎኑ በማንኛውም ካቻቪቴ የሚፈታ ነው ወይስ ለዚያ ኩባንያ ብቻ የተሠራ? የሶፍትዌር ማሻሻያው እስከ መቼ ይመጣል? በዚህ በመጨረሻው ብዙ ሰው ይታለላል፤ ዓመቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ስልኩ መጀመሪያ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ ከተገዛበት ቀን አይደለም። የ4 ዓመት ማሻሻያ ያለው ስልክ ከወጣ 2 ዓመት ሆኖት በቅናሽ ከተገዛ የቀረለት 2 ዓመት ነው፤ ቅናሹም እዚያው ጠፋ። ዋጋን ማወዳደር የሚያስፈልገው ለቀሪው ዓመት አካፍሎ፣ የአንድ ባትሪ መቀየሪያ ደምሮ ነው።

አሮጌውን ከመጣል በፊትም የሚታይ አለ። ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ነው፤ ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ማውጣት ይበቃል፤ መርፌ ግን ብረት ስለሆነ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሪክ መስመሮች ያገናኛል። የዘገየ ስልክ ማከማቻው ጢም ብሎ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቦታ ይለቀቅለት።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ ስልክ ወይም ማሽን ስትገመግሙ ስለ ካሜራውና ስለ ፍጥነቱ ከምትጽፉት ጎን ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ባትሪው እንዴት እንደሚወጣ፣ የዋናዎቹ መለዋወጫዎች ዋጋ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያው የሚያበቃበት ዓመት። አምራቹ ለጥያቄያችሁ መልስ ካልሰጠ፣ መልስ አለመስጠቱን በዚያው መስመር ላይ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ