መነሻው ባሕር ነው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምሠራው መስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። አመሻሽ ላይ በስኬትቦርድ የሚንሸራተቱትን ልጆች አላፊ አግዳሚው «ዱርዬ» ሲላቸው ስሰማ ያመኛል።

የዚህ ጨዋታ መነሻ እኮ ባሕር ነው። የሃዋይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልቡ ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ በ100 ሜትር ዋና የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ዱክ ካሃናሞኩ የሃዋዩ ዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ያሳደገው ልጅ ነው፤ የማዕበል ግልቢያውንም ጥበብ አውስትራሊያ ድረስ ወስዶ አሳይቷል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ማዕበል የጠፋባቸው የካሊፎርኒያ ወጣቶች ሰሌዳቸው ላይ ጎማ ገጥመው መንገድ ላይ ወጡ። ማዕበል ግልቢያውም ስኬትቦርዱም በ2020 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ተካተዋል።

የእኛዎቹ አንዱን ሰሌዳ ለሦስት እየተፈራረቁ ይለማመዳሉ፤ ሲወድቁም ተነሥተው ይደግሙታል። ከተማችን መኪና የማይገባበት አንድ ለስላሳ ሜዳ መሐል አዲስ አበባ ላይ ትስጣቸው።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከስታዲየም አካባቢ