ቤታችሁ በካውንቲው መዝገብ ላይ በማን ስም ነው ያለው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ መኖር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል፣ ጋዜጣችሁን ሁሌ ሀበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ ነው የማነሳው፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነውና እባካችሁ አውጡልኝ።

ቤታችንን የገዛነው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ያኔ እኔ ክሬዲት የሚባል ነገር ስላልነበረኝ በወንድም ጋሼ ስም ተገዛ፣ ዳውን ፔይመንቱ ግን የኔ የእቁብ ብር ነው፣ ሞርጌጁንም በየወሩ የከፈልኩት እኔ ነኝ። በ2011 እሱ ወደ ዳላስ ሊሄድ ሲል "የሰው ነገር አይታወቅም፣ ቤትሽን በስምሽ ላርግልሽ" አለኝና ከኢንተርኔት ዲድ (የቤት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ) አውርደን ፕሪንት አረግን፣ ኖተሪ የሆነ የሰፈራችን ልጅ ቤት ድረስ መጣልን፣ ቡና ተፈልቶ እዛው ጠረጴዛ ላይ ፈረመልኝ፣ ማህተም ተመታ። እኔም ወረቀቱን ከፓስፖርታችንና ከልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት ጋር በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እናቴ አገር ቤት የቤቷን ካርታ እንደዛ ነበር የምታስቀምጠው፣ ካርታው እጅሽ ላይ ካለ ቤቱ ያንቺ ነው፣ እኔ የማውቀው ይሄንን ነው።

አምና ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ሪፋይናንስ ላርግ፣ የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር ልቀይር ብዬ አመለከትኩ። የሎኑ ሰውዬ ደወለና "እህቴ፣ ይሄ ቤት እኮ ባንቺ ስም አይደለም" አለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላኩለት። "ፊርማው አለ፣ የኖተሪውም ማህተም አለ፣ የካውንቲው የመዝገብ ቁጥር የታለ?" ሲለኝ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባው ባዶ ነው።

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። አገር ቤት ውልና ማስረጃ ሄደን ስንፈራረም አንዱ ቅጂ እዛው ይቀራል፣ እዚህ ኖተሪው የሚያረጋግጠው የፈረመው ሰው ራሱ መሆኑን ብቻ ነው፣ ወረቀቱን የትም አይወስድልንም። የሜሪላንድ ህግ ደግሞ ዲድ ተፈርሞ ካልተመዘገበ ባለቤትነቱ አይተላለፍም ነው የሚለው። የሚመዘገበው በየካውንቲው ሰርኪዩት ኮርት (የካውንቲው ፍርድ ቤት) ውስጥ ላንድ ሬከርድስ (የመሬትና የቤት መዝገብ) የሚባል ክፍል ነው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲው ሮክቪል፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲው ደግሞ አፐር ማርልቦሮ ነው ያለው።

ወረቀቱን ይዤ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ልጅቷ በትህትና ነበር ያስረዳችኝ ግን ሳትቀበለኝ ቀረች። ዲዱን ጠበቃ ወይም ከተዋዋዮቹ አንዱ እንዳዘጋጀው የሚገልጽ ማረጋገጫ መኖር ነበረበት፣ የለውም። ከሱ በላይ ያስደነገጠኝ የስሙ ነገር ነው። ቤቱ ሲገዛ የአባታችን ስም "ገብረመድህን" ተብሎ ባንድ ቃል ነው የተመዘገበው፣ እኛ ባወረድነው ላይ "ገብረ" ለብቻው "መድህን" ለብቻው ነው የተጻፈው። እኛ ለምንጠራራው ሰው አንድ ነው፣ የካውንቲው መዝገብ ግን ሰው የሚፈልገው በመጨረሻ ስም ስለሆነ አንዱ ገ ላይ ሌላው መ ላይ ነው የሚገኘው። ስማችን ፓስፖርት ላይ ሌላ ግሪን ካርድ ላይ ሌላ የሆነብን ስንት ነን!

ገንዘብም አጥቼበታለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤቱ እዛው ቤት የሚኖር ከሆነ አንዴ አመልክቶ ሆምስቴድ ክሬዲት ያገኛል፣ ታክሱ የሚሰላበት የቤቱ ግምት በየዓመቱ የሚጨምረው ላይ ገደብ ይደረግለታል። መዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ዳላስ ነው የሚኖረው፣ እኔ ምን ብዬ ላመልክት? የታክሱ ቢል ሁሌ በወንድም ጋሼ ስም ሲመጣ እያየሁ ዝም ብዬ እከፍል ነበር።

እግዜር ይስጠው ወንድም ጋሼ አለ፣ ጠበቃ አዲስ ዲድ አዘጋጅታልን ዳላስ ሆኖ እንደገና ፈረመ፣ ከነታክሱና ከነጠበቃው ቀላል ብር አልወጣም። ባይኖርስ? እሱን ሳስብ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ውርሱ ሊጣራ፣ ልጆቹ ሊጠሩ፣ አገር ቤት ካለ ወራሽ ውክልና ሊመጣ፣ በመሀል እኔና ልጆቼ ያለንበት ቤት የማን ነው ሊባል ነው።

ስለዚህ እህቶቼ ወንድሞቼ፣ ኤምዲ ላንድ ሬክ ዶት ኔት (mdlandrec.net) የሚባል የስቴቱ ዌብሳይት አለ፣ በኢሜል አካውንት ከፍታችሁ የካውንቲያችሁን መዝገብ በነፃ ማየት ትችላላችሁ፣ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁን አስቀምጡና ስማችሁን ባንድ ቃልም በሁለት ቃልም እያስጻፋችሁ ፈልጉ። ሞርጌጅ ከፍላችሁ የጨረሳችሁ ባንኩ እዳው መነሳቱን የሚገልጸው ወረቀት መመዝገቡንም እዩ። "የዲድዎን ኮፒ እንላክልዎ" ብሎ መቶ ብር ምናምን የሚጠይቅ የመንግስት የሚመስል ደብዳቤ ከመጣላችሁ አትክፈሉ፣ ከመንግስት አይደለም፣ ኮፒውን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አዘጋጆቹን ደግሞ የምለምናችሁ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ነዋሪዎችም የት ሄደው እንደሚያስመዘግቡ አድራሻውን አጣርታችሁ ብታወጡልን፣ በየእድሩና በየቤተክርስቲያኑ ደግሞ አማርኛ የሚችል የቤት ጉዳይ ጠበቃ ጋብዛችሁ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብታስረዱልን። የኔ ዲድ የሊበርና የፎሊዮ (የመዝገቡ መጽሐፍና የገጹ) ቁጥር ተመቶበት ባለፈው ወር በፖስታ ደርሶኛል፣ ለማሳያ ይሁን ካላችሁ ይዤው እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ