«ከእንግዲህ በንብረት አንፈላለግም»፦ ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ዳኞች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። በባልና ሚስት ፍቺ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ክሴ መጀመሪያ በራሴ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተፋቱ የመንዝ ባልና ሚስት በስምምነት እንዲካፈሉ አደረግን። ቤቱን፣ በሬዎቹን፣ ገብሱን ቆጠርን። መሸብን፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ በንብረት አንፈላለግም» ብለን ጻፍን። ሁሉም ፈረመ። ፍርድ ቤት መዘገበው።

ለካ ባልየው ዘመዱ እንዲያረባለት በርቢ የሰጣቸው 18 በጎች ነበሩት። ሴትየዋ ስትሰማ ከሰሰች። ዳኛው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1733 ጠቅሰው፣ ቃሉ ግልጽ ስለሆነ አይተረጎምም ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ግልጽ የሆነው ምኑ ነው? እሷ በጎቹን አታውቃቸውም። እኛም አናውቅም። ሰው የማያውቀውን እንዴት ይተዋል? ያው ሕግ ቁጥር 3310 ላይ፣ በእርቅ መብትን መተው በጠባቡ ይተረጎማል ይላል። «መብቴን ሁሉ ትቻለሁ» ያለ ሰው እንኳ የተወው ለእርቁ ምክንያት የሆነውን ክርክር የሚመለከተውን ብቻ ነው። ክርክሩ ስለ ንብረት ሁሉ ነበር የሚለኝ ይኖራል። የተደበቀ በግ ላይ ግን ማንም አልተከራከረም።

እርቅ በየጊዜው ይፍረስ እያልኩ አይደለም። ቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል፤ ደግ አደረገ። አለዚያ ግማሹ አገር በየበጋው ፍርድ ቤት ደጅ ይከርም ነበር።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 276 ስምምነቱ የሚመለከታቸው ጉዳዮች ይጻፉ ይላል። እንግዲያው የወረዳ ፍርድ ቤቶች የሚጠቀሙበት አንድ ገጽ ቅጽ አውጡልን። ዳኛው ከመመዝገቡ በፊት ሁለቱንም ፊት ለፊት ይጠይቅ፦ በርቢ የተሰጠ ከብት አለ? ያልወጣ እቁብ? በሌላ ሰው ስም የተቀመጠ ገንዘብ? «የለም» ያለ፣ የለም ብሎ ይፈርም። ነገ የተደበቀ ቢወጣ ዳኛው የሚያየው የሽማግሌ ጥድፊያ ሳይሆን የሰውየውን ቃል ነው።

ቅጹ እስኪመጣ እኔ የራሴን በደብተር ይዤ እዞራለሁ። የመጀመሪያው መስመር ስለ በግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ሽማግሌ