የአባቴን ሳጥን መልሱልኝ

ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ በቢሮ ሰሚ ስላጣሁ ነው። አባቴ ለመሥሪያ ቤታችሁ ስለሰጠው ሳጥን ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ላይ የመዝገብ ቤታችሁ ማኅተም አለ። መልስ ግን የለም። ከለገሃር ሜክሲኮ በእግሬ ስንቴ እንደተመላለስኩ ጥበቃዎቻችሁ ያውቃሉ።

አባቴ ካፒቴን ነበር። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሠልጥኖ ኋላ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ገባ። ድርጅቱ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። አባዬ ከባሕር ሲወርድ የመርከቦቹን ስምሪት መራ። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ሲዘጋብን፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ስልክ ጆሮው ላይ እንዳለ እራቱ ሲቀዘቅዝ አስታውሳለሁ። «ወደብ ለሌለው አገር መርከብ ምን ያደርጋል?» ሲሉት ይቆጣ ነበር። የራሳችን መርከብ ከሌለን ማጓጓዣውን በዶላር ለሰው እንከፍላለን ይል ነበር። ዛሬ መርከብ የሚያዙ ስንት ልጆች እሱ ስር ተምረዋል።

ሊያርፍ ሁለት ወር ሲቀረው ሳጥኑን ለእናንተ ሰጠ። የጉዞ መዝገቦቹ፣ ፎቶዎቹ፣ ፀሐይን ለክቶ መርከቡ የት እንዳለ የሚያውቅበት ሴክስታንት ሁሉም እዚያ ነበሩ። የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ተቆርጦለታል። ቅጂው እጄ ላይ ነው።

ሐምሌ ላይ ሳጥኑን ያገኘሁት ደረጃ ስር፣ ከመወልወያና ከባልዲ ጋር ነው። ታችኛው በኩል በስብሷል። አንዱን መዝገብ ስከፍት ገጾቹ ተጣብቀዋል። በቀለም የተጻፈው ሟሙቷል። የአባዬ ጽሑፍ ግን ይነበባል፤ ባሕር ላይ ሁሌም በእርሳስ ነበር የሚጽፈው። የሴክስታንቱ ማስቀመጫ ባዶ ነው። ውስጡ የቀረው አረንጓዴው ጨርቅ ብቻ ነው። ሠራተኛዋን ስጠይቃት «እህቴ፣ እሱ እኮ ሊወገድ የተለየ ዕቃ ነው» አለችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ያለ ዕቃ ማውጫው ደረሰኝ፣ ያለ ሞዴል 22፣ ከግምጃ ቤት መርፌ እንደማይወጣ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቃሉ። ታዲያ ሴክስታንቱን ማን ፈርሞ ወሰደው? አባቴ ለትውልድ ብሎ የሰጠውን ቆሻሻ ነው ብሎ የወሰነውስ ማነው? ኮሚቴ ይሰብሰብ አትበሉኝ፤ ዓመት ሙሉ የሰማሁት እሱን ነው።

መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ለኛ ለልጆቹ መልሱልን፤ ገጾቹን አንድ በአንድ አድርቀን እንይዛቸዋለን። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ከወንድሜ ጋር ቅጂውን ይዘን ቢሮዎ በር ላይ እንገኛለን።

የካፒቴኑ ልጅ
አዲስ አበባ