ከስኩተር ብወርድ ምን ላይ ልውጣ?

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? እናታቸውስ? ሐዋሳ ተስማማቻችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ የደሴው ሆጤ ዳገት ብቻ ጉልበቷን ይፈትነዋል። "ያ ሞተረኛ ጓደኛህ የት ገባ?" እያለች ሁሌ ታነሳሃለች።

የ2014ቱ ጦርነት ከበታተነን ወዲህ ዓመታቱ ሳናውቃቸው ነጎዱ። ወሬህን በሰው በሰው እሰማለሁ። ሱቅ መክፈትህን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ስለዚያ ዘመን በደብዳቤ ብዙ አልልህም፤ ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተር ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ስኩተር የምንነዳ ሰዎች ከሥራ በኋላ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። ያንተን ጊዜ የሚያውቅ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ የቀሩት አዲሶች ናቸው። ባለፈው ሰሞን አንዱ ጥያቄ ወረወረ። "ገንዘቡ ባይቸግር፣ ከስኩተር ወርዳችሁ ምን ላይ ትወጣላችሁ?" በቃ! አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ሲደርስ ክርክሩ ገና አልበረደም ነበር። እኔ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በነበረው ክፍልህ፣ ከአልጋህ በላይ የለጠፍከው የሆንዳ አፍሪካ ትዊን ሞተር ፎቶ ፊቴ ላይ መጣ። ይሄ ጨዋታ ያላንተ አይሞላም። ስለዚህ ያሉትን ልንገርህና ፍርድህን ልስማ።

ከሁላችን ትንሹ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ነው። ሳያመነታ ሱዙኪ ሃያቡሳ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሞተሩ መጠን 1,299 ሲሲ ነበር፤ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገባ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ልጁ ስለዚያ ሞተር ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። የምትመኘውን እስከ ብሎኑ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። "በእሱ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጥምዝ ትወርዳለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አይ፣ እኔስ ከዚህ እስከ ሐርቡ ያለው ሜዳ ይበቃኛል" አለኝ።

አንዲት ነርስ አለች፤ በነጭ ስኩተር ወደ ሥራ የምትመላለስ። እሷ የመረጠችው ሆንዳ ሬብል ነው። ምክንያቷን ስሰማ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። "ቁመቴን ታዩታላችሁ። ዳገት ላይ ስቆም ሁለቱም እግሬ መሬት ካልረገጠ አልነሳም። ስኩተሬን የወደድኩትም በዚህ ነው" አለች። የሬብል መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከስኩተርም ብዙዎቹ ከዚያ ከፍ ይላሉ። ሰው ሲሲ ሲቆጥር እሷ የቆጠረችው ከመቀመጫው እስከ አስፋልቱ ያለውን ነው።

መምህሩ ደግሞ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ሄደ። የድሮ ቬስፓ ነው የምፈልገው አለ፤ ማርሹ ግራ እጅ ላይ የሚዞረውን። ቬስፓን በ1946 እ.ኤ.አ. ለፒያጆ ፋብሪካ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሄሊኮፕተር ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ነው። ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ካቴናው ልብስ ያበላሻል፣ ጎማ መቀየሩ አሳር ነው ብሎ ያስብ ነበር። ስለዚህ ካቴናውን አስቀረው። 98 ሲሲ ሞተሯን ከኋላ ጎማ አጠገብ አድርጎ በቆርቆሮ ሸፈናት። የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው። ከፊት እግር የሚገባበት ቦታ ተወለት። ዛሬ አንተም እኔም ሱሪያችን ሳይቆሽሽ ሥራ የምንገባው በዚህ ሰው ሐሳብ ነው። መምህሩ ይህን ሁሉ ሲተርክ ቡናው ቀዘቀዘበት።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤሌክትሪክ ስኩተር አለው። የእሱ ምኞት ደሴ ደርሶ የማያልቅ ባትሪ ነው። ወረቀት አውጥቶ አሰላልን። እሱና ስኩተሩ አንድ ላይ 200 ኪሎ ቢሆኑ፣ ያን ክብደት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከፍታ ማንሳት ብቻ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 60 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው 1.2 ነው። ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ለዳገቱ ብቻ ሄደ ማለት ነው፤ ለነፋሱና ለጎማው ገና አልተከፈለም። ዕድሜ ለሒሳብ፣ ስኩተሩ ለምን ጢጣ ላይ እንደሚደክም ሁላችንም ገባን።

እዚህ ላይ ነው ወሬው ወደ ሐረጎ የዞረው። ወደየትስ ይዞራል? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። መሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ጥምዝ በጥምዝ። ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 9 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ስኩተር እዚያ 7 ገደማ ነው። ይህ ግን ብዙ አያስጨንቅም፤ ዘግይተህ ትደርሳለህ እንጂ ትደርሳለህ።

የሚያስጨንቀው መውረዱ ነው። ወንድሜ፣ አንተ ሐዋሳ ሜዳ ላይ ሆነህ ይህን እንዳትረሳው። ነዳጁን ስትለቅ መጀመሪያ ሞተሩ ትንሽ ያዝ ያደርገዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን የስኩተሩ ፍሪሲዮን ራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሞተርና ጎማ አይተዋወቁም፤ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ከፊትህ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖ ትራክ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። ጉሙ ወርዷል፤ የኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ብቻ ነው የምታየው። ልትቀድመው አትችልም። የእሱ ፍጥነት ደግሞ ልክ ፍሪሲዮኑ የሚለቅበት ፍጥነት ነው። ፍሬን ትይዛለህ፣ ትለቃለህ፣ ትይዛለህ። ቆይቶ የፍሬኑ ሸራ መሽተት ይጀምራል። የፍሬኑ እጀታ ከበፊቱ ይበልጥ ወደ መሪው እየቀረበ ይመጣል። እኔ ያኔ ዳር ይዤ እቆማለሁ። እስኪበርድ እጠብቃለሁ። በዚህ አላፍርም፤ ለሚጠይቀኝ ጀማሪ ሁሉም ይህንኑ እነግራለሁ።

ማርሽ ያለው ሞተር እዚህ ቦታ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ ያርፋል። እኔ ህልም ሞተር የምለው በመጀመሪያ ሐረጎን በማርሽ የሚያወርደኝን ነው። ፎቶው ቀጥሎ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ፣ እጅ የለመደው። ስኩተር ላይ የግራ እጀታ የኋላ ፍሬን ነው። ሞተር ላይ ፍሪሲዮን ነው። መምህሩ የጎረቤቱን ቦክሰር ሞተር ተውሶ ሲሞክር አደባባዩ ጋ ሊያቆም ግራውን ጨመቀ። ሞተሩ ተለቀቀና ይባስ ብሎ ተንደረደረ። አላህ አተረፈው፤ ቀኙ ቶሎ ደረሰለት። ስለዚህ ከስኩተር የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ቦሩ ሜዳ ወጥቶ፣ ግራ እጁን እንደገና ማስተማር አለበት እላለሁ። በኋላ ቡና ቤት ውስጥ ይህን ስናነሳ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ሁሉ ስሰማ አንድ ነገር ታየኝ። ከሃያቡሳው ልጅ በቀር ማንም ስኩተሩን ጥሎ የሄደ የለም። ነርሷ ሁለት እግሯን መሬት የምታደርግበትን ይዛ ሄደች። መምህሩ የተሸፈነውን ሞተር ይዞ ቀረ። ስኩተር የሰጣቸውን ላለማጣት፣ የጎደለውን ለመጨመር ነው የመረጡት። ልክም ናቸው።

ያንተም አፍሪካ ትዊን ሳስበው እንዲያ ነው። ሆንዳ ከ1986 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ዳካርን ውድድር አራት ዓመት በተከታታይ ማሸነፉን እያነሳህ፣ እየሳቅክ "እኔም ዳናኪልን እሻገርበታለሁ" ያልክበት ሞተር። መጀመሪያ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2003 ቆሞ በ2016 በ998 ሲሲ ሲመለስ ፍሪሲዮን የማይያዝበት፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነትም ጨመሩለት። ይህን ታውቅ ነበር? የግራ እጀታ ፍሪሲዮን የለውም! እንደ ስኩተር ፍሪሲዮን ሳትይዝ አፋር ልትወርድበት ትችላለህ። ነገር ግን ያኛው ዓይነት ከ240 ኪሎ በላይ ነው። ባቲን አልፈህ ሚሌ መንገድ ላይ አሸዋ ውስጥ ቢተኛብህ ብቻህን አታነሳውም። ይህን አስብበት።

የእኔን ደግሞ ስማ። ቡና ቤቱ ውስጥ ስናገር ሁሉም ገርሞት አየኝ። ያማሃ ኤጂ 200 ነው። ታውቀዋለህ፤ የግብርናና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ሲነዱት ያደግነው ነው። 196 ሲሲ፣ አምስት ማርሽ። ለእርሻ ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው። ውድድር አያሸንፍም፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍም ጥቂት ነው። ግን ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ሐምሌ ላይ የኩታበር ጭቃ አይገባበትም፣ ሱሪዬም ንጹህ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ ስኩተሬ ከመቀመጫዋ ሥር ያላትን ሳጥን አላጣም ማለት ነው። ማቆሚያ እግሩ በግራም በቀኝም አለ። ዘቅዛቃ ቦታ ላይ፣ በመጣህበት በኩል አዘንብለህ ታቆመዋለህ። ደሴን የመሰለ ከተማ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ስኩተሬ የምትዘልባቸውን ጉድጓዶች ረግጦ ያልፋል። ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ደግሞ ሐረጎን ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያንንም አስቤው ነበር። የመጀመሪያው 411 ሲሲ ነው፣ የፊት ጎማው 21 ኢንች ነው፣ ሲያዩት ልብ ይነካል። ነገር ግን አምባሰል ድረስ ስወጣ፣ ድንጋይ ላይ ብገፋው የምገፋው ቀላል ነገር ነው የምፈልገው። ቀላሉን መረጥኩ፤ ቆራጥ ሆኜ ነው የመረጥኩት።

አሁን ያንተን ንገረኝ። አፍሪካ ትዊኑ አሁንም አለ ወይስ ሐዋሳ ሐሳብህን አስቀየረችህ? የቀድሞ ቁጥርህ አይሠራም፤ አዲሱን ላክልኝ። ከመስቀል በኋላ ጉሙም ጭቃውም ይቀልላል። ብትመጣ ስኩተር አበድርሃለሁ፤ ሐይቅ ድረስ ሄደን ዓሣ በልተን እንመለሳለን። ሄልሜትህን ግን ይዘህ ና፤ የእኔ ትርፉ ለጭንቅላትህ ይጠብሃል።

ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከኮምቦልቻ