ድምፅ መቀነሻው ሳይታይ በጣት የሚገኝ ይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዓይን ከመንገድ የሚነሳበት ጊዜ የለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። የድሮው የመኪና ቴፕ የድምፅ ማዞሪያ ሳይታይ በጣት ይገኛል፤ በቴፑ ቦታ የሚገጠመው ተች ስክሪን ግን ልሙጥ ነው፣ ካላዩት አይገኝም። ኮረኮንች ላይማ ድምፅ ልቀንስ ሲሉ ጣቢያው ይቀየራል። ሾፌሮች በስክሪኑ የሚያማርሩት እውነታቸውን ነው።

ስክሪኑ ይነቀል አንልም፤ የኋላ ካሜራው ይጠቅማል። መሪው ላይ የሚጫን የድምፅ ቁልፍ ካለ ግን ኤሌክትሪሺያኑ ከስክሪኑ ጀርባ «ኬይ 1» እና «ኬይ 2» የሚባሉትን ሽቦዎች ከመሪው መስመር ጋር ያገናኝ። ግራውንዱ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ) በደንብ ይጥበቅ፤ ቁልፎቹ የሚለዩት በሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በሚቋቋሙት መጠን ስለሆነ ከላላ ይምታታሉ፣ ድምፅ መጨመሪያው ዘፈን ይዘላል። ከዚያ መኪናው ቆሞ ሴቲንግ ውስጥ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ማስመዝገብ ነው።

የስክሪኑ ቢጫ ሽቦ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ። መኪናው ሲጠፋ ከሚቋረጠው ቀይ ሽቦ ጋር አብሮ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ መስመር ከተያዘ መኪናው በጠፋ ቁጥር የተመዘገበው ሊጠፋ ይችላል። የመኪናው መብራት መብራቱን ለስክሪኑ የሚያሳውቀው የመብራት ሽቦም አይዘለል፤ ካልተገናኘ ስክሪኑ ማታ አይደበዝዝም፣ ዓይን ይወጋል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ከደሴ